ተነስ ወይስ ተቀመጥ? የጠባሴው ኳስ ቤትና አጣናው

መጀመሪያ ነጥቡን ልንገራችሁ፤ ረጅም ጽሑፍ የሚሰለቸው ሰው ከዚህ መመለስ ይችላል። ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ አካባቢ ያለው ይሄ ኳስ በቴሌቪዥን የሚታይበት ኳስ ቤት ቆሞ ለሚያይ ሰው ከአስር ስምንት፣ ተቀምጦ ለሚያይ ሰው ከአስር አራት። የቤቱን ስም አልጽፍም። ከታች የማማርረው ነገር አለኝ፣ ባለቤቱ ደግሞ በየሳምንቱ ፊት ለፊት የምንገናኝ ሰው ናቸው። የሰፈሩ ሰው ከሆናችሁ ግን ሁለት መስመር ሳታነቡ ታውቁታላችሁ።

ቤቱ ድሮ የእህል መጋዘን ነበር። ጣሪያው ቆርቆሮ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ መስኮቱ አንድ፣ እሱም በካርቶን የተደፈነ። ዘጠኝ ረድፍ አግዳሚ ወንበር አለ። ፊት ለፊት አንድ ትልቅ ቴሌቪዥን፣ ጎኑ ላይ ሌላ ጨዋታ የሚያሳይ ትንሽ ቴሌቪዥን። መግቢያ 30 ብር፣ ማንቼና አርሴ (ማንቸስተር ዩናይትድና አርሰናል) ሲገናኙ 50። ሻይ አለ፣ ቆሎ በስኒ አለ። ለዚህ ዋጋ ምስሉ ጥሩ ነው፣ ድምፁም አይከፋም፣ መብራት ሲጠፋ ጀነሬተሩ ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ይነሳል። በሁለቱ ደቂቃ ውስጥ ግን ጎል ይገባል። እንዴት እንደሆነ አላውቅም፣ ሁልጊዜ ይገባል።

የቤቱ ትልቁ ችግር ወለሉ ነው። ለጥ ያለ ነው። ስታዲየም ደረጃ ደረጃ ሆኖ የተሠራው ለጌጥ አይደለም፤ የኋላው ሰው በፊተኛው ጭንቅላት ላይ አሻግሮ እንዲያይ ነው። እዚህ ዘጠኙም ረድፍ እኩል ከፍታ ላይ ነው። ይሄ ሳያንስ ቴሌቪዥኑ ዝቅ ብሎ ነው የተሰቀለው። ቁጭ ብለው የሰቀሉትን ቆመው ማውረድ ያቅታል ይባላል፤ የዚህ ቤት ደግሞ የባሰ ነው፣ ቁጭ ብለው የሰቀሉት ቴሌቪዥን ካልቆሙ አይታይም።

ባለፈው እሁድ ልሞክረው ብዬ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ተቀመጥኩ። ምሽት አንድ ሰዓት ተኩል ጨዋታ፣ አርሴ። ቀድሜ ስለገባሁ መሀል ላይ ቦታ አገኘሁ፣ ደስ አለኝ። ደስታዬ እስከ መጀመሪያው ኮርና (የማዕዘን ምት) ቆየ። ሰሞኑን አርሴ ኮርና ሲያገኝ ፍፁም ቅጣት ምት ያገኘ ነው የሚመስለው፣ ደጋፊው ኳሷ ሳትመታ ይነሳል። መጀመሪያ የተነሳው የፊት ረድፍ ላይ ያለ አንድ ልጅ ነው። እሱ ሲነሳ ከኋላው ያለው ምን ያድርግ? ተነሳ። ከዚያ ሁለተኛው ረድፍ ሙሉ ተነሳ። ከዚያ እኛ። ከኋላ «ቁጭ በል!»፣ «ጎንበስ በል!»፣ «አንተ ባለ ኮፍያ፣ ግድግዳ ሆንክብን!» እያሉ የሚጮኹት ራሳቸው ቆመው ነው የሚጮኹት። አንድ ሰው ሃምሳ ሰው አስነሳ። ኮርናው በግብ ጠባቂው እጅ ሲገባ ደግሞ መቀመጥ አለ፤ መቀመጡ እንደ መነሳቱ በአንድ ጊዜ አይሆንም፣ ከፊት ጀምሮ ቀስ እያለ ይመጣል፣ እኔ ጋ ሲደርስ መልሶ ማጥቃቱ አልቋል።

በመጀመሪያው አጋማሽ ስንት ጊዜ እንደተነሳሁ ቆጠርኩ። አስራ አንድ ጊዜ። ቅዳሴ ላይ እንኳን እንዲህ ተነሱ አይባልም።

ጎሉንስ? ጎሉን አላየሁትም። ከፊቴ የነበረው ሰውዬ ጋቢ ለብሷል። የኛ አገር ብርድ ይታወቃል፣ ሰው ኳስ ቤት ጋቢውን ተከናንቦ ነው የሚመጣው፣ አልፈርድበትም። ኳሷ ወደ ሳጥኑ ስትሻማ ሰውዬው ብድግ አለና ሁለት እጁን ወደ ላይ ዘረጋ፤ ከሁለቱ እጆቹ ጋር ጋቢውም ተዘረጋ። ጭራውን እንደነፋ ጣዎስ። ለሦስት ሰከንድ ያህል ያየሁት ነገር ጥበብ ብቻ ነው፣ ቀይ ጥለት፣ ጫፉ ላይ የሽሮ ጠብታ። ከዚያ ቤቱ ፈነዳ። ጎሉን በድጋሚ ምስል አየሁት፤ እሱንም እየዘለሉ ስለነበር ግማሹን ነው። ከዚያ ቫር (ዳኛው ጎሉን በቪዲዮ የሚያጣራበት) አለ ተባለና ሁሉም ባለበት ቆሞ ቀረ። ቫር ለዚህ ቤት የመጣ መቅሰፍት ነው። ሰው ይቀመጥ አይቀመጥ አያውቅም። ግማሹ ጎንበስ ብሎ፣ ግማሹ ተንጠራርቶ፣ እንደ ፎቶ ተነሺ ደርቀን ሁለት ደቂቃ ቆየን።

በእረፍት ሰዓት ተነስቼ ወደ ኋላ ሄድኩ። እዚያ ነው አጣናው ያለው።

ከዘጠነኛው አግዳሚ ጀርባ፣ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ፣ ወገብ ላይ በሚደርስ ከፍታ አንድ ረጅም የባሕር ዛፍ አጣና በሦስት ቋሚ ላይ ተመቷል። ቅርፊቱ ተልጧል፣ ብዙ ክንድ ስላረፈበት ለስልሷል። ከኋላው ሃያ አምስት ያህል ሰው ይቆማል። ክርናቸውን አስደግፈው፣ ስኒያቸውን አጣናው ላይ አሳርፈው፣ እግራቸውን በየተራ እያሳረፉ ያያሉ። ቆመው ስለሆነ የዘጠኙም ረድፍ ጭንቅላት ከታች ነው። የፊቱ ሰው ሲነሳ እንኳን ትንሽ ተንጠራርተህ ታያለህ፣ ከኋላህ ደግሞ ግድግዳ ነው፣ ማንም አይሰድብህም። ሁለተኛውን አጋማሽ እዚያ አየሁት። አንድም ጊዜ «ቁጭ በል» አልተባልኩም።

ባለቤቱን ጠየቅኳቸው። «ጋሼ፣ ይሄን ማን አሠራዎት?» አልኳቸው።

«ማን ያሠራኛል? ጎል ሲገባ ከኋላ የሚመጣው እየገፋ አግዳሚ ሰበረብኝ፣ ሁለቴ። ሦስተኛው ላይ አጣና መታሁ።» ከዚያ ፈገግ ብለው፣ «ልጄ፣ ቤተ ክርስቲያን መቋሚያ ያለው ለምን ይመስልሃል? ሰው መቆም አያቅተውም። የሚያቅተው ያለ ድጋፍ መቆም ነው» አሉኝ።

ሰውዬው ሳያውቁት እንግሊዞች ሠላሳ ዓመት የተከራከሩበትን ነገር በአንድ አጣና ጨርሰውታል። አላጋነንኩም። ላስረዳ፤ ኳስ የማይወድ ሰው አንድ አንቀጽ መዝለል ይችላል።

በፈረንጆቹ ሚያዝያ 15 ቀን 1989 ሼፊልድ ከተማ፣ ሂልስቦሮ ስታዲየም፣ ሊቨርፑልና ኖቲንግሃም ፎረስት ለኤፍ ኤ ካፕ ግማሽ ፍጻሜ ተገናኙ። ከጎሉ ጀርባ ያለው የመቆሚያ ቦታ በአጥር የተከፋፈለ ነበር፣ ፊት ለፊቱም አጥር ነበር። ከመጠን በላይ ሰው ወደ መሀለኛው ክፍል እንዲገባ ተደረገ፤ መውጫ አልነበረም፤ 97 ሰው ሞተ። ከዚያ በዳኛ ቴይለር የተመራው ምርመራ ትልልቆቹ ስታዲየሞች ሙሉ በሙሉ ወንበር ይኑራቸው አለ፣ የላይኞቹ ሁለት ዲቪዚዮኖችም እስከ 1994 መቆሚያቸውን አፍርሰው ወንበር ተከሉ። ያው ምርመራ ግን ዋናው ምክንያት የፖሊስ ቁጥጥር መጥፋቱ ነው ብሏል፤ መቆም በራሱ አደጋ ነው አላለም። የሰው ጆሮ ግን የያዘው «መቆም ይገድላል» የሚለውን ነው። የሟቾቹ ቤተሰቦች የተመልካቹ ጥፋት እንዳልሆነ በፍርድ እስኪሰሙ እስከ 2016 ጠበቁ። ይሄን ሳስብ ስለ አግዳሚ መቀለዴ ራሱ ያሳፍረኛል።

ወንበር ከተተከለ በኋላስ ሰው ተቀመጠ? አልተቀመጠም። ከጎሉ ጀርባ ያሉት፣ የእንግዳ ቡድን ደጋፊዎችም፣ ወንበራቸው ፊት ቆመው ነው ሲያዩ የኖሩት። አደጋው እዚህ ጋ ነው። የወንበር መደገፊያ ቁመቱ ቅልጥም ላይ ነው። ጎል ሲገባ ከኋላ ግፊት ቢመጣ ቅልጥምህን መትቶ ወደ ፊት ያስገለብጥሃል፣ አንተ የፊትህን ሰው፣ እሱ የፊቱን። የጠባሴው አግዳሚ ሁለቴ የተሰበረው ልክ በዚህ ምክንያት ነው። ወገብ ላይ የሚደርስ ብረት ቢኖር ግን ግፊቱ እዚያው ይቆማል። እያንዳንዱ ረድፍ የራሱ አጣና አለው ማለት ነው። ጀርመኖች ይሄንን ቀደም ብለው ገብቷቸዋል፤ ዶርትሙንድ ደቡቡ ትሪቡን ላይ ወደ 25 ሺህ ሰው ያቆማል፣ ቢጫው ግድግዳ የሚሉት እሱን ነው። ስኮትላንድ ውስጥ ሴልቲክ በፈረንጆቹ 2016 አስገባው። እንግሊዝ ራሷ በ2022 መጀመሪያ ላይ አምስት ክለቦች እንዲሞክሩት ፈቀደች፤ የመጀመሪያው ጨዋታ ቼልሲና ሊቨርፑል ሁለት ለሁለት የተለያዩበት ነው። በቀጣዩ የውድድር ዘመን መስፈርቱን ላሟላ ክለብ ሁሉ ተፈቀደ። ወንበሩ አለ፣ ይታጠፋል፤ ብረቱ አለ፣ ትደገፋለህ። ለአንድ ወንበር አንድ ሰው ነው፣ እንደ ድሮው እንደ ጆንያ መደራረብ የለም።

ልብ በሉ፣ ሁሉም ሰው ይቁም እያልኩ አይደለም። በዚሁ ኳስ ቤት አንድ ሌላ ያየሁት ነገር አለ።

ሁለተኛው አጋማሽ ሊጀመር ሲል አንድ ሽማግሌ ገቡ። ከዘራ ይዘዋል፣ ካቦርታቸው ላይ ሻርፕ ጠምጥመዋል። ቤቱ ጢም ብሏል። አምስተኛው ረድፍ ላይ የነበሩ ሦስት ጎረምሶች፣ አንድ ደቂቃ በፊት ስለ ኦፍሳይድ ሊቧቀሱ የነበሩት፣ «ኖር!» ብለው ብድግ አሉ። «በእግዜር» አሉና ሽማግሌው ተቀመጡ። ጎረምሶቹ ተመልሰው ለመቀመጥ አፈሩ መሰለኝ፣ ሁለቱ ወደ አጣናው መጡ፣ አጠገቤ ቆሙ። ሽማግሌው ግን ከዚያ በኋላ ያዩት ነገር የጎረምሳ ጀርባ ነው። ኮርና በመጣ ቁጥር ፊታቸው ያለው ሁሉ ይነሳል። እሳቸው አይነሱም፣ ጉልበታቸው አይችልም። ከዘራቸውን ይዘው አንገታቸውን ወዲህና ወዲያ ያደርጉ ነበር። አንድ ጊዜ ዝም ብለው ወደ ትንሹ ቴሌቪዥን ዞረው ሌላውን ጨዋታ ሲያዩ አየኋቸው፣ እሱን ማንም ስለማያይ አልተጋረደባቸውም። ቦታ ለቆላቸው የተነሳ ትውልድ እይታቸውን አልለቀቀላቸውም።

ለዚህ ነው ነጥቡን ለሁለት የከፈልኩት። መቆም የሚፈልግ ከኋላ፣ ከአጣናው ጀርባ። መቀመጥ የሚፈልግ ከፊት፣ ከተቀመጠ ደግሞ እስከ ጎል ድረስ እንደተቀመጠ። ጎል ሲገባ ተነስቶ ያልጨፈረማ ምኑን ደጋፊ ሆነ። ኮርና ግን ጎል አይደለም፣ የእጅ ውርወራ ደግሞ ጭራሽ አይደለም። ፊት ረድፍ ላይ በእጅ ውርወራ የሚነሳ አንድ ልጅ አለ፣ ራሱን ያውቃል።

ስለ ስታዲየም ሳነሳ አንድ ትዝታ አለኝ፣ ካልጻፍኩት አይለቀኝም። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ኢትዮጵያ ከሱዳን፣ አዲስ አበባ ስታዲየም። በመጀመሪያው ጨዋታ 5 ለ 3 ተሸንፈን ነበር። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ በሌሊት ተነስተን ነው የሄድነው፣ ሰልፉ ላይ ስንደርስ ግን ከኛ ይልቅ በሌሊት የተነሳ ሕዝብ አገኘን። ያኔ ካታንጋ፣ ሚስማር ተራ፣ ከማን አንሼ፣ ዳፍ ትራክ የሚሉትን የስታዲየሙን ክፍሎች ስሞች የአገሬው ሰው እንደ ሰፈር ስም ነው የሚጠራቸው። እኔ የገባሁበት ወንበር የሚባል የለውም፣ የሲሚንቶ ደረጃ ነው። ልቀመጥ ብልም ቦታ የለም። ስምንት ሰዓት ያህል ቆሜያለሁ። በሁለተኛው አጋማሽ አዳነ ግርማ ሲያገባ የት እንደነበርኩ አውቃለሁ፤ ሳላሃዲን ሰኢድ ሲደግም ግን ሦስት ደረጃ ዝቅ ብዬ፣ አንድ ጫማዬ ጠፍቶ፣ የማላውቀው ሰው አንገት ላይ ነበርኩ። 2 ለ 0። ድምሩ 5 ለ 5 ሆኖ፣ ከሜዳ ውጪ ባገባነው ጎል ብልጫ ከ31 ዓመት በኋላ ለአፍሪካ ዋንጫ አለፍን። በአንድ እግር ጫማ መርካቶ ድረስ ጨፍሬያለሁ።

ያኔ ተቀመጥ ቢሉኝ እሞት ነበር። ግን ያን ሦስት ደረጃ በራሴ ፈቃድ እንዳልወረድኩት አሁን ነው የሚገባኝ። እግሬ መሬት አልነካም ነበር። ያ ግፊት ከፊቱ አጥር ቢያገኝ ኖሮ፣ ወይም ከፊቴ አንድ ሕፃን ቢኖር ኖሮ። አጣና ያስፈልግ ነበር።

አሁን ስታዲየሞቻችን ደረጃ አያሟሉም ተብለው ብሔራዊ ቡድናችን «የሜዳዬ» የሚለውን ጨዋታ ሰው አገር እየሄደ ሲጫወት ቆይቷል። ከሚጠየቁት ነገሮች አንዱ ቁጥር ያለው፣ ለየብቻ የተተከለ ወንበር ነው። ይሁን፣ ይተከል። ነገር ግን ወንበሩ ስለተተከለ የኛ ሰው ይቀመጣል ብሎ የሚያስብ መሐንዲስ ካለ አንድ እሁድ ጠባሴ ይምጣና ሦስተኛው ረድፍ ላይ ቁጭ ይበል፣ 30 ብሩን እኔ እከፍላለሁ። ዶርትሙንድ ለአገር ውስጥ ሊግ ከ81 ሺህ በላይ ሰው ያስገባል፤ ለአውሮፓ ጨዋታ ግን ለዓመታት መቆሚያውን በወንበር እየቀየረ ወደ 66 ሺህ ያወርደው ነበር። ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል ማለት ነው። ከጎሉ ጀርባ ብረትና ታጣፊ ወንበር፣ ጥላ ፎቅ ላይ ደግሞ ለሽማግሌና ልጅ ይዞ ለመጣ ሰው የሚቀመጡበት ቦታ።

ወደ ቤቱ ልመለስ፣ ግምገማ ነው እየጻፍኩ ያለሁት።

ሽንት ቤቱን አልገመግምም። ሄዳችሁ እዩት፣ ወይም አትሂዱ።

ብርዱ ከባድ ነው። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የሲሚንቶው ቅዝቃዜ በጫማ ሶል በኩል ይገባል፣ የተቀመጠ ሰው ከሰላሳኛው ደቂቃ በኋላ እግሩን አያገኘውም። የቆመው ቢያንስ ይረግጣል፣ ይወዛወዛል፣ ጎን ለጎን ተጠጋግቶ ይሞቃል። ይሄም ለመቆም አንድ ነጥብ ነው። ሻዩ ትኩስ ነው ግን ስኳሩ ይበዛል፤ ሳይጠየቅ አራት ማንኪያ። ቆሎው ገብስና ሽምብራ ነው፣ ከሱፍ ጋር፣ ለዚህ ብቻ አንድ ነጥብ ጨምሬያለሁ።

መግቢያ ላይ ያለው ልጅ ቦታ ሳይኖር ሰው ያስገባል። ይሄ ከሁሉም የከፋው ነው። በትልቅ ጨዋታ ቀን አጣናው ጋ ያሉት ሃያ አምስቱ አርባ ይሆናሉ፣ በሩ ደግሞ አንድ ነው፣ የሚከፈተውም ወደ ውስጥ ነው። ወደ ውስጥ! እሳት ቢነሳ፣ ጀነሬተሩ ደግሞ ከበሩ አጠገብ ነው ያለው፣ ማን ሊከፍተው ነው? ይሄን ለባለቤቱ ነግሬያቸዋለሁ። ራሳቸውን ነቀነቁ። «እውነትክን ነው፣ አናጢ እጠራለሁ» አሉ። ካልጠሩ ስምንቱ ወደ አምስት ይወርዳል።

የኛን ፕሪሚየር ሊግ ሲያሳዩ ደግሞ ሌላ ቤት ነው። ከ2013 ዓ.ም. የውድድር ዘመን ጀምሮ በዲኤስቲቪ መተላለፍ ሲጀምር ሰው ይጎርፋል ብለን ነበር። አስራ አምስት ሰው ይመጣል፣ መግቢያው ነጻ ነው፣ ሻይ ግን መግዛት አለባችሁ። ሁሉም እግሩን ዘርግቶ፣ ጋቢውን ዘርግቶ፣ ተቀምጦ ያያል። ማንም አይነሳም፣ የሚያስነሳ ነገርም ብዙ የለም። ያን ቀን ከሆነ ለተቀመጠ ሰው ከአስር ሰባት እሰጣለሁ።

ለሚመጡ ሰዎች፣ ከጨዋታው አርባ ደቂቃ ቀድማችሁ ግቡ። ወደ ፊት አትሂዱ። ቀጥታ ወደ ኋላ፣ ከአጣናው ግራ ጫፍ፣ ከመሀለኛው ቋሚ ራቁ እሱ ይነቃነቃል። ጋቢ የለበሰ ሰው ፊታችሁ ካለ ቦታ ቀይሩ።

ትናንት በዚያ ሳልፍ ባለቤቱ ደጃፍ ላይ ሁለት አዲስ አጣና አጋድመው ቅርፊት ሲልጡ አየኋቸው። «ለበሩ ነው ጋሼ?» አልኳቸው።

«ለአምስተኛው ረድፍ» አሉኝ፣ ቀና ሳይሉ። «በሩም ይደርሳል።»